የስንብት ኬክ የበዛበት ክረምት

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7

በግሪኖክ ከእኔ በላይ የጠጣ ሰው አልተፈጠረም። እሺ፣ ተፈጥሯል፤ ሁለት ሦስት ይሆናሉ። ግን ሁሉም መቃብር ስለገቡ ዋንጫው እኔ ጋ ነው ያለው።

ስሜ ማልኮም ጊልክሪስት ነው፤ ማልኪ ይሉኛል። ድሮ መርከብ ፋብሪካው ውስጥ በያጅ ነበርኩ፣ ያውም እጀ ወርቅ። አሁን ከመጠጥና ከዕፅ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች በሚመጡበት ማዕከል ረዳት ነኝ። አማካሪ አይደለሁም። አማካሪዎቹ ተምረው ነው እዚያ የገቡት፣ እኔ ጠጥቼ ነው። ስብሰባ ላይ እንዲህ ስል ሁልጊዜ ይስቃሉ።

የማታ ትምህርት አስተማሪዬ ሚስ ኢሽቤል ዝም ብለህ ጻፍ፣ ስሕተት አትፍራ፣ ማንም አያየውም አለችኝ። አምና ይህን ጊዜ አውቶቡስ የምለየው በቀለሙ ነበር። ዛሬ ከክፍሉ አንደኛ ነኝ። ክፍሉ ውስጥ አራት ነን።

የዛሬው ወሬ፤ ኒያል መልቀቂያ አስገባ። ጎበዝ አማካሪ ነው፣ ገና ጺሙ እንኳ በደንብ አልሞላም። ከበጋው ወዲህ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ሰው ሲለቅ ኬክ ይቆረሳል፣ ደንባችን ነው። ኬኩን የማዝዘው እኔ ስለሆንኩ የዳቦ ቤቷ ኔታ ገና በሩን ስከፍት «ዛሬ ደግሞ ማን ነው?» ትለኛለች። የሚሄደው ሁሉ ኩባያውን ትቶ ነው የሚሄደው። የኩሽናው ቁም ሳጥን በኩባያ ብዛት አልዘጋ ብሏል፤ ሻይ የሚጠጣው ሰው ግን የለም።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10

የክትትል ቀን። በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ እያንዳንዳችን ተራ በተራ ከኃላፊያችን ከኤልስፔት ጋር በር ዘግተን አንድ ሰዓት እንቀመጣለን። ስሙ የፖሊስ ሥራ ይመስላል እንጂ ነገሩ ተቃራኒው ነው። የሰው ጣጣ ስትሸከም የሰነበትክ ሰው የራስህን የምታራግፍበት ሰዓት ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ እዚያ ክፍል የተባለ እዚያው ይቀራል።

ክፍሉ ድሮ የካፖርት ማስቀመጫ ነበር። መስኮቱ ሲቀባ አብሮ ስለተለሰነ አይከፈትም። ኤልስፔት ረጅም ናት፣ ጉልበቷ ከጠረጴዛው ጋር ሲጋጭ ነው የሚውለው። እንዴት ነህ አለችኝ። ስለ አንድ ቄስና ስለ አንድ ጀልባ የማውቃትን ቀልድ ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ሄደና እንባው ብቻ ቀረ።

የቀረውን ሰዓት እሷ አወራች። ስልክ ሲጮህ መጀመሪያ የሚመጣባት ሐሳብ ማን ሞተ የሚል እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ አዳመጥኩ። መጨረሻ ላይ ሰዓትህን በላሁብህ ብላ ይቅርታ ጠየቀች። የእኔ ሰዓት ርካሽ ነው አልኳት።

የማነሣው ትንሽ ነገር ነበረኝ። ለሚቀጥለው።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 16

ጥድፊያ። የኒያል የመጨረሻ ቀን። የሎሚ ኬክ። ንግግር እኔ አደረግሁ፣ ኩሽናው በሳቅ ፈረሰ። ኒያል ያማክራቸው ከነበሩት ሰዎች ሴንጋ ለእኔ ደረሰች። «ለጊዜው» ነው የተባልኩት። ሳንድዊቼን ቆሜ በላሁ። ዝናብ።

ማታ። ስለ ሴንጋ ልጻፍ። ሄሮይን ካቆመች ቆይታለች፤ በየቀኑ ፋርማሲ ሄዳ አረንጓዴውን ሜታዶን እየጠጣች ነው ቀጥ ብላ የቆመችው። ልጇ ኪርስቲ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ለባዳ ቤተሰብ ተሰጥታ ነው የምታድገው። ዲሴምበር 3 የልጆች ጉዳይ ሸንጎ ይቀመጣል፤ ሦስት ሰዎች ናቸው፣ ልጅቷ ወደ እናቷ ትመለስ አትመለስ የሚሉት እነሱ ናቸው። ሴንጋን የሚያውቃት አማካሪ አብሯት ገብቶ መናገር አለበት። ኒያል ነበር የሚገባው። አሁን ኤልስፔት ራሷ እገባለሁ ብላለች።

ሴንጋ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና ካፖርቷን አላወለቀችም።

«ትልቁ ሰው፣ እንደገና ከመጀመሪያው ልጀምርልህ እንዴ? መጀመሪያ መቼ ወሰድሽ፣ አባትሽ ምን ነበር፣ ማን መታሽ? ይኸን ነገር ለስንቱ ተናግሬ አሁን የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለኛል።»

ከመጨረሻው ጀምሪ አልኳት። ዛሬ ምን በላሽ? ጥብስ ድንች አለች። ካፖርቱን አወለቀች።

ከኒያል፣ ከእሱ በፊት ከነበረችው፣ ከዚያም በፊት ከነበረው እኔ በለጥኩ ማለት ነው። ቀልዴን ነው፤ ጥብስ ድንቹ ነው የረዳኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ይህን ለማንም ስለማላወራው እዚህ ልኩራራ፤ ኃላፊዬ እኔን ታማክራለች። ዲግሪ ያላት ሴት፣ ማልኪ ጊልክሪስትን።

በሩን ዘጋች። ወንበሮቹ ላይ ስንቀመጥ እንኳ ሳናውቀው ቦታ ተለዋውጠናል። እንዴት ነህ አላለችኝም።

«ማልኪ፣ የምነግርህ ከዚህ ክፍል አይውጣ። ልሄድ ነው። ኖቬምበር 29 የመጨረሻዬ ነው።»

በከተማው አስተዳደር ቤቶች ክፍል ሥራ አግኝታለች። እዚያ የሚሰበረው ቧንቧ ነው አለች። የበላይዋ ተተኪ እስኪገኝ ለማንም አትተንፍሺ፣ በተለይ ተገልጋዮቹ እንዳይረበሹ ብላታለች። ለእኔ የነገረችኝ ለአንድ ሰው ካልተናገረች ስለምትፈነዳ ነው።

ሴንጋስ፣ ሸንጎውስ አልኳት። የማይከፈተውን መስኮት አየች። እስከዚያ ሰው ይገኛል አለች። ደግ ሰው ናት። ደግ ሰው ሲዋሽ መስኮት ነው የሚያየው።

እሺ፣ ሆድ ይፍጀው አልኩ። የእኔ ሆድ ስንት ነገር ፈጅቷል።

ወደ ቤት ስሄድ በወደቡ በኩል ነፋሱ ፊት ይልጣል። ስለዚህ በማዕዘኑ በኩል፣ በመጠጥ ቤቱ በር አጠገብ ዞርኩ። እዚያ ነፋስ የለም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4

ዛሬ ሴንጋ አፋጠጠችኝ። ኩሽና ውስጥ ሰዎች «ቀጣዩ ማን ይሆን» እያሉ በብስኩት ሲወራረዱ ሰምታለች።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ኤልስፔት ትሄዳለች?»

«ኤልስፔት? እሷማ ይኸ ሕንፃ ሲፈርስ ፍርስራሹ ላይ ቆማ ነው የምትገኘው።»

«እውነትህን ነው?»

«መቼ ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

ጥሩ ቀልድ ነበር። ፊቷ በራ። ከዚያ ስለ ኪርስቲ አልጋ አወራችኝ፤ መግዛቷን፣ አንሶላው ላይ ዓሣ ነባሪ እንዳለበት። ሸንጎው ፊት ምን ልልበስ አለችኝ። አረንጓዴውን ካፖርት አልኳት።

ክፍሉ ውስጥ የተባለ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ሕግ ነው። እኔ ሕጉን ነው ያከበርኩት። ሌላ ምን እላለሁ? አላውቅም ብላት ኖሮ ያው መዋሸት ነው። አዎ ብላት ኖሮ የኤልስፔትን አደራ መብላት ነው። ዝም ብል ደግሞ ሴንጋ ዝምታን ከማንም በላይ ነው የምታነበው። እስቲ ሌላ ሰው በእኔ ቦታ ይቁምና ያሳየኝ።

በማዕዘኑ በኩል ዞሬ ቤቴ ገባሁ። ነፋስ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7

የክትትሉ ሰዓት ተሰረዘ። ኤልስፔት የኒያልን ሰዎች እያየች ነው። የኒያልን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም።

ኩባያ ፍለጋ ኩሽና ስገባ ሁለት አዲስ የተቀጠሩ ልጆች ስለ እኔ እያወሩ ነበር። አንደኛዋ ማልኪ መቼ ነው የሚከፋው ስትል ሌላው፣ እሱማ እንደ ክፍል ማሞቂያ ነው፣ ሁሌ ትኩስ ነው አለ። ደስ አለኝ። በደንብ ደስ አለኝ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14

አጭር። ደክሞኛል።

ማዕዘኑ ጋ ሽንቴ መጣ። ገባሁ። ሰው ሽንቱ ሲመጣ የት ይግባ? የባንኮኒው ሰውዬ ዐወቀኝ፤ አንተ አልሞትክም እንዴ አለኝ። ሞቼ ነበር፣ አልተመቸኝም አልኩት። ቤቱ ሳቀ። ሎሚ ውሃ አዘዝኩ። ሎሚ ውሃ ብቻ። ዕቃው ሁሉ እንዳለ ነው፤ ያው ምንጣፍ፣ ያው ሽታ። መጠጥ ካቆምኩ አራተኛ ዓመቴን ልይዝ ነው። ሰውየው ቀጥዬ በምን እንደማስቀው እየጠበቀ ያየኝ ነበር።

ይህን ለኤልስፔት መንገር አለብኝ። ለእንዲህ ያለው ነው ሰዓቱ። ሐሙስ እነግራታለሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 21

አልነገርኳትም።

ልነግራት ነበር። ክፍሉ ውስጥ ካርቶን ተደራርቦ መቀመጫው ላይ ለመድረስ በጎን ነው የገባሁት። ለሠራተኛው ዛሬ ጠዋት ነው መሄዷ የተነገረው፤ ለተገልጋዮች ገና ነው፣ በመጨረሻው ቀን ይነገራል ተብሏል፤ ተተኪም አልተገኘም። ኤልስፔት ጉንፋን ይዟታል። አፌን ስከፍት ወዲያው ስልኳ ጮኸ፣ ፊቷ አመድ መሰለ፣ አነሣችው፣ ማንም አልሞተም፣ የፎቶ ኮፒ ማሽን ሠራተኛ ነበር። ከዚያ ወዲያ የሎሚ ውሃ ወሬ እንዴት ይወራል? ሰሞኑን ነፋሱ አስቸግሮኛል ብቻ አልኳት። ካልሲ ደርብ አለችኝ።

ሴንጋን ማን ይዞ እንደሚገባ ጠየቅኳት። በጽሑፍ አስተያየት እልካለሁ አለች። ጽሑፍ ልጄን አይናፍቅም፣ ጽሑፍ አይቆምልኝም ትላለች ሴንጋ ብትሰማ። ይህን ግን አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ኬኩን እዘዝ አሉኝ። ኔታ ምን ይጻፍበት ስትል እስክሪብቶውን ተቀብዬ በራሴ እጅ ጻፍኩላት፤ «ደህና ሁኚ ኤልስፔት፣ እንወድሻለን»። አንድም ስሕተት የለበት። ኔታ ወረቀቱን አየችና፣ አንተ ይኸን ሁሉ ዕድሜ የት ደብቀኸው ነበር አለችኝ። እስከ ቤቴ ድረስ እንደ ፈረስ ነበር የረገጥኩት። በወደቡ በኩል ሄድኩ፣ ነፋሱም አልተሰማኝ።

ዓርብ፣ ኖቬምበር 29

ጠዋት። ኬኩን እኔ አላመጣሁትም። ሴንጋ ናት ያመጣችው።

ቆይቼ እጽፋለሁ።

ማታ። እሺ። ሴንጋ በየዓርቡ ከፋርማሲ ስትወጣ ከኔታ ዘንድ ዳቦ ትገዛለች። ይህን ዐውቃለሁ። ራሷ ነግራኛለች። ኬኩ መስታወቱ ውስጥ ነበር፣ ሰማያዊ ጽሑፍ፣ ትልልቅ ፊደል። ኔታ ምን ታውቃለች? ወደ ማዕከሉ ከሆንሽ ይህችን አድርሺልኝ፣ ዝናቡ ሳይብስ አለቻት። ሴንጋ ሣጥኑን ታቅፋ በእንግዳ መቀበያው ቆመች። ኬኩ አልተነካም። እሷ ረጥባለች።

«ኔታን፣ ማን አዘዘው አልኳት። ትልቁ ሰው አለችኝ። መቼ? ባለፈው ሳምንት አለችኝ፣ ራሱ በእጁ ጻፈልኝ፣ አለችኝ፣ ኮርታብህ ነው የምታወራው።»

ስለ ክፍሉ ሕግ ጀመርኩ። ጀምሬ ተውኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ኖቬምበር 4 የወጣው ቃል ግን አፋፉን አልፎ ወንዙ ውስጥ ገብቷል።

ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ አየችኝ፣ ከእግሬ እስከ ራሴ፣ ድንገትም ሳቀች። አንተ ቂል ሽማግሌ አለችኝ፣ በሳቅ። ማክሰኞ ሸንጎው በር ላይ እንገናኝ ተባባልን፤ እኔ አብሬያት እገባለሁ።

ስለዚህ አልከፋም ማለት ነው። ሰው ከሳቀ ተስፋ አለው።

ኤልስፔት ኬኩን ስትቆርስ አለቀሰች። አንድ ቁራጭ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝና ሰዓቶችህን ሁሉ ወስጄብሃለሁ አለችኝ፣ አሁን ገና ነው የገባኝ አለች። አይዞሽ አልኳት። ኩባያዋን ትታ ሄደች።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 3

ሸንጎው በር ላይ ከማለዳ ጀምሬ ቆምኩ። ሱፍ ለብሻለሁ። ክራባት ሚስ ኢሽቤል ናት ያሰረችልኝ።

ሴንጋ መጣች፣ አረንጓዴ ካፖርት። አለፈችኝ። ዝናቡ ስለነበር፣ ጃንጥላዋንም ዝቅ አድርጋ ስለያዘች ሳታየኝ ይሆናል። ጠራኋት። መኪና ያልፍ ስለነበር ሳትሰማ ይሆናል። ብቻዋን ገባች። በሩ ላይ ያለው ሰው ስምህ የለም ብሎ መለሰኝ።

ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ሴንጋ ከወጣች በኋላ በር ላይ የቆመችውን ጸሐፊ ጠይቄ ነው። ለሦስቱ ሰዎች ሁሉን ከመጀመሪያው ተናግራለች አለችኝ። ከአባቷ ጀምራ። አብሯት የቆመ የባለሙያ ሰው ባለመኖሩ ውሳኔው እስከ ጸደይ ተላልፏል። ኪርስቲ እዚያው ትቆያለች። መተላለፍ እምቢታ አይደለም። ጸሐፊዋም እንዲሁ አለች።

ከዚያ ማዕዘኑ ጋ ሄድኩ። ነፋስ አልነበረም። ወደቡ ጋም አልነበረም።

ሎሚ ውሃ አላዘዝኩም። ዊስኪ አዘዝኩ። ፊቴ ተቀመጠ። ቀለሙን አየሁት። የባንኮኒው ሰውዬ ቀልድ እስክናገር ጠበቀ፣ አልመጣልኝም፤ በሕይወቴ ቀልድ ሲጠፋኝ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው። ስወጣ ብርጭቆው ሙሉ ነበር። እስከ አፉ ሙሉ። ማመን የፈለገ ይመን።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 4

አልተኛሁም። ሴንጋ ስልክ አታነሣም። ከሠራተኛው ከእኔ በላይ የቆየ ሰው የለም አሉ ዛሬ። ቆጠርኩ፣ እውነት ነው። በጉራ የምጽፈው ነገር ነበር ይኸ፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 10

ከግላስጎ ተተኪ ላኩልን፣ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚመጣ። ፈርጉስ ይባላል፣ ወፍራም፣ እግሩን እየጎተተ የሚራመድ። በሩን ዘጋ። ወንበሮቹን አየና ሰፊው የአንተ ነው አለኝ። እንዴት ነህ አለኝ።

የቄሱንና የጀልባውን ነገርኩት። በደንብ ነው የነገርኩት፣ ከድሮውም አሳምሬ።

አልሳቀም። አልተቆጣም፣ አልተኮሳተረም፤ ዝም ብሎ ብቻ ጠበቀ። ብዙ ጠበቀ። በሕይወቴ ቀልዴን ሰምቶ እንዲህ የጠበቀኝ ሰው አላየሁም። ወንበሩ ጠበበኝ፣ ክፍሉ ጠበበኝ፣ መስኮቱን አየሁ፣ የማይከፈተውን።

«ቀልዱ ጥሩ ነው» አለኝ። «አንተስ?»

ነገርኩት። የብርጭቆውን፣ የሎሚ ውሃውን፣ የነፋሱን። የኤልስፔትን አደራ፣ የሴንጋን ጥያቄ። ሙሉውን ሰዓት እኔ ነኝ ያወራሁት፣ ድምፄ እንደ ሰካራም ተንቀጠቀጠ፣ ሳልጠጣ። ሲያልቅ ልትለቅ ነው ወይ አለኝ። አላውቅም አልኩት። ያ መልስ ነው አለኝ፣ በየሳምንቱ ማክሰኞ ና፣ መሄድ ካለብህም ከዚህ ወንበር ተነሥተህ ሂድ እንጂ ከዚያ መጠጥ ቤት አይሁን አለኝ። ሴንጋን በሯ ድረስ ሄደህ እውነቱን ንገራት፣ ይቅርታ እንድትሰጥህ ግን አትለምናት፣ ያ ሌላ ሸክም ነው አለኝ።

ነገ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት እዚህ የማስተካክለው አለ።

የብርጭቆው ነገር እውነት ነው። ሰው እሱን እንደሚጠረጥር ዐውቃለሁ፣ እኔም ብሆን እሱን ነው የምጠረጥረው። ግን ሙሉ ነበር። ኬኩም፣ ኔታም፣ ዝናቡም እውነት ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ፈጠርኩ። ያን ዓርብ ሴንጋ አልሳቀችም። ቂል ሽማግሌ አላለችኝም፣ ማክሰኞ እንገናኝም አልተባባልንም። ሣጥኑን እንዳይዛነፍ አድርጋ በሁለት እጇ አስቀመጠች፣ «ሌሎቹ ሄዱ፣ አንተ ግን እዚህ ቁጭ ብለህ ነው የሄድከው» አለችኝ፣ በሩንም ሳትዘጋ ወጣች። ሳቁን ያስገባሁት እኔ ነኝ።